በር ሳይረግጥ የተቀጠረው ሶፋ አልባሽ

ዲሚያት ከተማ ውስጥ ከእንጨት ጋር የማይታገል ሰው ካገኛችሁ፣ ወይ ዓሣ አጥማጅ ነው ወይ ትናንት በአውቶቡስ የመጣ ነው። የተቀረው ወይ ይሰነጥቃል፣ ወይ ይልጋል፣ ወይ ይቀርጻል፣ ወይ ቀለም ይቀባል። እኔ ፊደል የሚባል ነገር ደጁን አልረገጥኩም፤ ግን የአባይ ውኃ ከባሕሩ የሚገናኝባትን ይቺን ከተማ ከእኔ በላይ አውቃታለሁ የሚል ቢመጣ፣ ወንበሬን ለቅቄ እነሳለታለሁ። እስከ ዛሬ የተነሳሁበት ቀን የለም። ስለ ኡስታ ሸውቂም ሌላ ሰው ቢነግራችሁ ግማሹን ጣሉት፣ ግማሹን ተጠራጠሩት።

ሸውቂ ሶፋ አልባሽ ነው፤ ኡስታ የምንለው በእጅ ሥራው ለተካነ ሰው ነው። እንጨቱን ሌሎች ይሠሩታል፤ እሱ ስፖንጁን ይቆርጣል፣ ጨርቁን ይወጥራል፣ ሚስማሩን በከንፈሩ ይዞ አንድ በአንድ እያወጣ ይመታል። እሱ ያለበሰው ሶፋ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ቶሎ አይነሳም ይባላል፤ ይሄ ደግሞ ለዲሚያት ሰው መከራ ነው። የዲሚያት ሰው እኮ እንግዳ ሲመጣበት «እራት ትበላለህ ወይስ ቀለል ብሎህ ትተኛለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። ይሄን የካይሮ ሰዎች በቅናት ያወጡት ቀልድ ነው የሚሉ አሉ። ውሸታቸውን ነው። እኔን ራሴን ጠይቀውኛል፤ ቀለል ብሎኝ ተኛሁ።

የሸውቂን ሁለት እግሮች ገና ዳዴ ሲል የልጅነት ልምሻ ወሰዳቸው። የሚሄደው በባለ ሦስት ጎማ ነው፤ ፔዳሉ ደረቱ ፊት ነው፣ በሁለት እጁ እያሽከረከረ ይነዳዋል። ትከሻው ታዲያ የበሬ ትከሻ ሆኗል። ገበያ መሀል አንዷ ደግ ሴት «አንተ በረከት ነህ፣ ዱዓ አድርግልኝ» ብላ ሳንቲም ጭኑ ላይ ጣል ስታደርግ፣ አንስቶ «እመቤቴ፣ ጥለሽው የሄድሽው ነገር አለ» ይላታል። አንድ ጊዜ አንዷ «ለአላህ ብዬ ነው» ብትለው፣ «እንግዲያው ለእሱ ስጪው፤ እኔ ሶፋ ነው የምሠራው» አላት።

የዳቦውን ነገር ካልነገርኳችሁ ደግሞ ሸውቂን አታውቁትም። የሰፈራችን የመንግሥት ዳቦ ቤት መስኮቱ ከፍ ያለ ነበር። በአንድ በኩል ወንዱ፣ በሌላው ሴቱ ይሰለፋል፤ ይጋፋል፣ ይሰዳደባል፤ የሰፈሩ ወሬ በሙሉ የሚጋገረው እዚያ ነው። ሸውቂ ብቅ ሲል ሰዉ በአንድ አፍ «አሳልፉት፣ ስጡትና ይሂድ» ይላል። ዳቦው በሰው እጅ ተቀብሎ ጭኑ ላይ ይደረግለታል፣ ከኋላው ይገፉታል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ጎማውን ቆልፎ ቆመ።

«አላልፍም። ተራዬን እጠብቃለሁ» አለ።

«ምን ነካህ ኡስታ? ዳቦህ ይኸው እኮ» አለው ጋጋሪው።

«ዳቦውን ማን ፈለገው? ሰልፉን ነው የፈለግኩት።»

ሳቁበት። እሱ ግን የምሩን ነበር። ሰልፍ ላይ ተጋፍቶ ያልተሰደበ ሰው የሰፈር ሰው አይባልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየተሰለፈ ተራው ሲደርስ መስኮቱ ስር ይቆማል፤ እጁ አይደርስም፣ ጋጋሪው አያየውም፣ ከኋላ ያለው ይጮሃል። በማግስቱም እንደዚያው። ሰዉ መጀመሪያ የተቆጣው በሸውቂ ነበር፤ ሲውል ሲያድር ቁጣው ወደ መስኮቱ ዞረ። ጋጋሪው አንድ ዓርብ መዶሻ አንስቶ ከታች ያለውን ጡብ አፈረሰና ሁለተኛ መስኮት ከፈተ። ዛሬ በዚያች መስኮት ከሸውቂ ይልቅ የሚጠቀሙባት ሕፃናትና ወገባቸው የጎበጠ አሮጊቶች ናቸው፤ ማን እንዳስከፈታትም ረስተውታል። እኔ አልረሳሁም፤ መዶሻውን ያዋስኩት እኔ ነኝ።

አብደረቦ የሚባል ወዳጅ ነበረው። መጋዝ ማሽን ቀኝ እጁን ከክርኑ በታች የበላበት ሰው ነው። ያን ጊዜ ዘመድ አዝማድ እየመጣ አልቅሶ ሄደ። ሸውቂ መጣና አላለቀሰም።

«ተነስ፣ ሸሚዝህን ቆልፍ» አለው።

«በአንድ እጅ?»

«ጥርስ የለህም?»

ከዚያ አጠገቡ አስቀምጦ በግራ እጅ ስፖንጅ መቁረጥ፣ ክር በጥርስ መሳብ አስተማረው። አብደረቦ ሲያገባ ሶፋውን በነጻ አለበሰለት። የዲሚያት ሰው በነጻ ሲል እንዳያመልጣችሁ። ደረጃ ያለበት ቦታ አብደረቦ ይወጣለታል፤ ሁለት እጅ የሚጠይቀውን ሁሉ ሸውቂ ይይዝለታል። ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው «ሁለታችሁ ስትደመሩ አንድ ሙሉ ሰው ከነምርቃቱ ናችሁ» ይላቸዋል፤ አብረው ይስቃሉ።

እንግዲህ በቦዩ መንገድ ላይ ሐጅ ሙጋሂድ የሚባል ሀብታም ትልቅ የሶፋ ፋብሪካ ከፈተ። ሕጉ ከመቶ ሠራተኛ አምስቱ አካል ጉዳተኛ ይሁን ይላል። ደግ ሕግ ነው። ግን ሕግ እንደ ዶሮ ነው፤ ቢላ የያዘ ሁሉ እንደ አምሮቱ ይበልተዋል። የባለ ፋብሪካዎቹ አበላለት የታወቀ ነው። ስምህን ይወስዱና «ተቀጥረሃል» ይሉሃል፤ ትንሽ ደመወዝ ይልኩልሃል፤ አንተ እቤትህ ትቀመጣለህ። ደረጃ ማፍረስ የለ፣ መጸዳጃ ቤት ማስፋት የለ። ተቀባዩም ይመርቃቸዋል። እንዲህ ተቀጥሮ የፋብሪካውን በር ሳይረግጥ ጡረታ የወጣ ሰው አውቃለሁ፤ ሲሸኙት ኬክ ላኩለት።

ሸውቂ የሚፈልገው ሌላ ነው። ሱቁ ደረጃ ስር ያለች ጉድጓድ ነገር ናት። ሰው ሶፋ ጥሎለት ይሄዳል፣ ሲያልቅ መጥቶ ይወስዳል፤ በመሀሉ ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ከሚስማር ጋር ነው። በወጣትነቱ ትልቅ እንጨት ቤት ነበር የሠራው፤ ባለቤቱ ሲሞት ተዘጋ። እዚያ ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ ይውላል። መጋዙ እየጮኸ ማንም ማንንም ስለማይሰማ ሁሉም በእጁ ነው የሚያወራው፤ ይሰዳደባል፣ ይቀልዳል፣ ስለ ሚስቱ ያማል፣ ሁሉንም በእጅ። ደንቆሮው ከሚሰማው እኩል ነው፤ እንዲያውም ይበልጠዋል። ሸውቂ የእጅ ንግግር የለመደው እዚያ ነው። ምሳ ሲደርስ አንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ማንም ተነስቶ ስለማይሄድ ሸውቂ ከማንም አያንስም። የናፈቀው ይሄ ነው። በቀን አንዴ ትሪ ዙሪያ መቀመጥ።

ሐጅ ሙጋሂድ ራሱ ሱቁ ድረስ መጣ።

«ኡስታ ሸውቂ፣ ስምህን ስጠኝ፣ እቤትህ ተቀመጥ። ደመወዝህ ከወር ወር ይምጣልህ። እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ባገኝ በአላህ ስም ነገ ጠዋት ነበር የምጀምረው።»

«ሐጅ፣ ቤቴን አውቀዋለሁ» አለ ሸውቂ። «ፋብሪካህን ነው የማላውቀው።»

«ደረጃ አለው።»

«ተዳፋት ሲሚንቶ የሚያፈሱ ሰዎች አውቃለሁ።»

«ማሽኑ አደገኛ ነው፤ እግርህ...»

«በእግሬ ሶፋ አልብሼ አላውቅም።»

ሐጁ ሳቀ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ሄደ። ሸውቂ ግን አልተኛም። ስማቸውን የተጠየቁትን ሰዎች ሻይ ቤት ሰበሰበ። አብደረቦ አለ። ሸይኽ ሐሰነይን አለ፤ ዓይነ ስውር ነው፣ ሸይኽ የሚሉት ቁርአን ስለ ቀራ አይደለም፤ እኛ አገር ዓይኑ የጠፋ ሁሉ ሸይኽ ነው። ሸይኽ ሐሰነይን የሚያውቀው የእንጨት ማለስለስ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ በጣቱ እየዳሰሰ ይፍቃል። ወጂዳ አለች፤ ከሐይቁ ዳር መንደር የመጣች ልብስ ሰፊ፣ ጆሮዋ ከተወለደች አይሰማም። ሁለት ወንድማማቾችም ነበሩ፤ አጥንታቸው ቶሎ የሚሰበር።

«ስማችንን ያለ እኛ አንሰጥም» አለ ሸውቂ፣ በአፉ ለሰዎቹ፣ በእጁ ለወጂዳ። «ተቆጣጣሪ መምጣቱ አይቀርም፤ ሐጁ የእኛን ስም ይፈልጋል። ስሙን የፈለገ ሰውዬውን ያስገባ። ወይ ሁላችን በበሩ እንገባለን፣ ወይ አንዳችንም የለንም።»

«ፋቲሃ እንቅራበት» አለ አብደረቦ። ልብ በሉ፣ ያለው እሱ ነው።

ፋቲሃ፣ የቁርአኑ መክፈቻ፣ የተቀራበት ነገር እኛ ዘንድ ከውል ይበልጣል። ልጅ የሚታጨው በፋቲሃ ነው፣ ቤት የሚሸጠው በፋቲሃ ነው። ሁሉም መዳፋቸውን ዘረጉ። አብደረቦ አንዱን ዘረጋ። ሸይኽ ሐሰነይን አጠገቡ ነበርና ዳስሶ «አንተ በግማሽ ነው የምትቀራው?» አለው፤ ሳቁ። ወጂዳ ከንፈራቸውን እያየች ጣቶቿን አብራ አንቀሳቀሰች። ቀርተው ሲጨርሱ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ።

የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። የአካል ጉዳተኛ መብት የሚጠየቅበት ክፍል ከሁሉም ላይ ነው። ይሄን ስነግራቸው ያልሳቀ ሰው የለም፤ ሸውቂ ብቻ ነው የማይስቀው። እሱ ከታች ደረጃው ስር ይቆማል፤ አብደረቦ ወጥቶ ስለ ሁላቸው ይናገራል፤ ወርዶም የተባለውን ይነግረዋል። እንደዚያ ብዙ ተመላለሱ። አንድ ሐሙስ አብደረቦ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

«አለቀ» አለው። «ሐጁም ነበረ። ተስማሙ። ቅዳሜ ትጀምራለህ።»

«ሁላችንም?»

«ሁላችንም። ተዳፋቱም ይሠራል።»

ሸውቂ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የበሬ ትከሻ ያለው ሰው ሲያለቅስ ከኋላ ነው የሚታየው።

እዚህ ላይ ነው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው። ያን ዕለት ሱቁን ለሞባይል ሻጭ ለቀቀ። እህቱ ኢንሺራህ፣ አብራው የምትኖረው፣ «ትንሽ ጠብቅ፣ መጀመሪያ ገብተህ እየው» ብትለው «ፋቲሃ ተቀርቶበታል» አላት። እሷም አመነችና ቀይ ሸርባት በጥብጣ ለመንገዱ ሰው አደለች። የዲሚያት ሰው ስኳር በጥብጦ በነጻ ሲያድል አይቼ ስለማላውቅ ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ። ሰዉ «እንኳን ደስ አለህ ኡስታ» እያለ እየሳመው ያልፋል።

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ፋብሪካው በር ደረሰ። ደረጃው እንዳለ ነው፤ የፈሰሰ ሲሚንቶ የለም። በሩ ተከፍቶ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ሰው ወጣ። አብደረቦ ነው። ቁልፍ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አንዱ የጃኬት እጅጌ ተጣጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«ለምን መጣህ?» አለው።

ሸውቂ ቀልድ መሰለው። «ለሶፋ ነዋ። አንተ ደግሞ ቀድመኸኛል፤ ጃኬት ሁሉ ሰጥተውሃል።»

«ሸውቂ፣ ስማኝ። ተመዝግበሃል። ሁላችሁም ተመዝግባችኋል። ደመወዙ እቤት ይመጣል፣ እኔ ራሴ ነኝ የማመጣላችሁ። ሐጁ የእናንተን ጉዳይ ለእኔ ነው የሰጠው።»

«የእኛን ጉዳይ።»

«እኔም እኮ ከእናንተ ነኝ።»

«ቅዳሜ ትጀምራለህ አልከኝ።»

«ጀምረሃል እኮ። ከዛሬ ጀምሮ ይታሰብልሃል።»

ሸውቂ ጃኬቱን ያየዋል። በእጅጌው ላይ ያለውን መርፌ ቁልፍ ማን አሰረለት የሚለው ነገር ነው በሐሳቡ የመጣው። ሁልጊዜ የሚያስርለት እሱ ነበር።

«ሌሎቹ ያውቃሉ?» አለ።

«ያውቃሉ። ሸይኽ ሐሰነይን እጄን ስሞኛል። ወንድማማቾቹም ደስ ብሏቸዋል። ለወጂዳ ወንድሟ ተስማማላት። ለአንተ ያልነገርንህ ይሄንን ፊትህን ፈርተን ነው።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላል የአገሬ ሰው። ሸውቂ የወደቀው ከፈረስ አይደለም፤ እሱ መቼም ፈረስ ላይ አልወጣም። ግን ወዳጁ ያን ሁሉ ደረጃ ሲወጣለት፣ የሚወጣው ለማን እንደሆነ ከታች ሆኖ አይታየውም ነበር። ጎማውን አዞረና ሄደ። ሰው ሁሉ ሥራ የሚገባበት ሰዓት ነውና በመንገዱ «ኡስታ፣ ወዴት ትመለሳለህ? መንገዱ በዚያ ነው እኮ» ይሉታል።

አንድም ሰው ከእሱ ጋር አላዘነም። ይሄን በደንብ ልንገራችሁ። ሻይ ቤቱ «ሳይሠሩ መብላት የት ይገኛል?» አለ። ጋጋሪው «እኔን ቅጠረኝ በለው» አለ። ኢንሺራህም ሸርባቱን አድላ መሳቂያ መሆኑ ከብዷት ነው መሰለኝ «ተቀበል፣ ዝም በል» አለችው። አብደረቦ የመጀመሪያውን ፖስታ ሲያመጣ ሸውቂ በሩን አልከፈተለትም፤ የሁለተኛውን ኢንሺራህ በመስኮት ልትቀበል ስትል እጇን ያዛት። ሱቁ ስለሄደ ከቤቱ ደጃፍ መንገድ ላይ እየሠራ ነበር፤ ሲዘንብ ይሰበስባል፣ ሲያባራ ይዘረጋል። ወጂዳን መንደሯ ሄዶ ሊጠይቃት አስቦ ነበር፤ አልሄደም። የተከዳ ሰው ሌላ ሰው እንዳለ ይረሳል።

ከወራት በኋላ አብደረቦ መጣ፤ አሁን መስኮቱ ስር ቆሞ ነው።

«ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ለአንድ ቀን ብቻ ኑና ተቀመጡ። መኪና ይመጣላችኋል» አለ።

ኢንሺራህ ልትሰድበው አፏን ስታዘጋጅ ሸውቂ «እመጣለሁ» አለ። አብደረቦ እንኳ ደነገጠ።

ሸውቂ ያሰበው ቀላል ነው። ተቆጣጣሪው ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰው ነው፤ ወደ እሱ መውጣት አይችልም። ነገ ግን ሰውዬው ራሱ መሬት ላይ ይመጣል። ፊት ለፊት አግኝቶት እውነቱን ይነግረዋል። ከዚያ ሐጁ የግዱን ያስገባቸዋል፤ ውሸቱ ያኔ እውነት ይሆናል።

በማግስቱ መኪናው ሁሉንም ሰብስቦ አመጣ። ባለ ሦስት ጎማውን ጣሪያው ላይ አስረው አወረዱለት። ደረጃው ላይ ሳንቃ ጥለዋል፤ በእሱ አወጡት። አዳራሹ ውስጥ ሲገባ መጋዙ ይጮሃል፣ ሰዉ በእጁ ያወራል። አንዱ ከሩቅ «አንተ አዲሱ፣ ስፖንጁን ቀስ በል፣ አለቃው ሚስቱ ገርፋው ነው የመጣው» ብሎ በእጁ ነገረው። ሸውቂ ሳያስበው ሳቀ። መዶሻውን አወጣ፣ ሚስማር በከንፈሩ ያዘ፣ ሠራ። በዚያች ጠዋት ደስ ብሎት ነበር። ደስ ስላለውም በራሱ ተናደደ።

ወጂዳ ልብስ ስፌቱ ማሽን ላይ ተቀምጣለች፤ አዲስ ሻሽ አድርጋለች። ከአዳራሹ ማዶ አየችውና በእጇ «አዘገዩን፣ ግን ይኸው አስጀመሩን» አለችው። ፊቷ በራ። ሸውቂ ገባው፤ ወንድሟ ደመወዟን ሲቀበል ኖሯል፣ ለእሷ ማንም አልነገራትም፤ እስኪጠሯት ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እሷማ ጆሮውም የላትም። ሊነግራት እጁን አነሳ። ከዚያ፣ ተቆጣጣሪውን ከነገርኩት ውሸት አይሆንም፣ ለምን አስለቅሳታለሁ ብሎ አሰበና «አዎ፣ ጀመርን» አላት።

ተቆጣጣሪው መጣ። ቦርሳ የያዘ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው። ሐጁ አጠገቡ፣ አብደረቦ ከኋላ። ሸውቂ ጋ ሲደርስ «ኡስታ፣ እንዴት ነው ሥራው? ቆየህ?» አለው።

«ዛሬ ጠዋት ጀመርኩ፣ ዛሬ ከሰዓት እጨርሳለሁ» አለ ሸውቂ፣ ሚስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ። «ማናችንም እዚህ ሠርተን አናውቅም። ጌታዬ፣ ነገ ቢመጡ አያገኙንም።»

ሐጁ ፊቱ ጠቆረ። ተቆጣጣሪው መሀረቡን አወጣና ወደ ሌሎቹ ዞረ። «እውነት ነው?»

ሸይኽ ሐሰነይን ነበር የተናገረው። የብርጭቆ ወረቀቱን ሳያስቀምጥ፣ ፊቱን ወደ ሸውቂ ድምፅ አዙሮ፣ ረጋ ብሎ። «ኡስታ ሸውቂ ቀልደኛ ነው። እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚያደርገን። አብረን ከጀመርን ከራረምን፤ ትናንትም ምሳ ላይ ሽንኩርቴን በልቶብኛል።»

ወንድማማቾቹ ሳቁ። «አይተወውም፣ አመሉ ነው» አለ ታላቁ። ተቆጣጣሪውም ሳቀ፤ የቀለለው ይመስላል። ወጂዳን ሲያይ «እሷንስ ጠይቅልኝ» አለው አብደረቦን። አብደረቦ በአንድ እጁ ይኮላተፋል እንጂ መናገሩን ይችላል። «ሥራው ደስ ይልሻል?» አላት። እሷም ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ደጋግማ ነቀነቀች። ከዚያ በላይ ምስክር የለም። ተቆጣጣሪው ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ሸውቂ ሚስማሮቹን መልሶ በከንፈሩ ያዘ። አብደረቦ እንደከዳው ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ያውቅ ነበር። የቀሩት ግን የተስማሙት በሩን ስላላዩት ነው፣ ቢያዩት ከእኔ ጋር ይቆማሉ ብሎ ነበር ልቡን ያጽናናው።

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ሸይኽ ሐሰነይን እጁን ፈልጎ ያዘው። «እንዳትቀየመኝ። ሴት ልጆች አሉኝ።»

«ፋቲሃውስ?»

«መሐላ ያፈረሰ ሦስት ቀን ይጾማል፤ ጾምኩለት» አለ ሸይኽ ሐሰነይን። «ተከፍሏል።»

ሸውቂ እጁን ቀስ ብሎ አወጣ።

በነጋታው ጠዋት ሸውቂ ደጃፉ ላይ ስፖንጁን ሲዘረጋ አብደረቦ በሰው ሞተር ከኋላ ተፈናጦ እየበረረ መጣ። ሰማያዊ ጃኬቱን በችኮላ ለብሶ አንገቱ ተጣሟል።

«ናልኝ እባክህ» አለው። «ያቺ ልጅ በሩ ላይ ናት። በጠዋት አውቶቡስ መጣች። ምሳዋን ይዛለች። ሂጂ ብላት አትሄድም፤ በእጄ ስነግራት ትስቃለች፤ የምቀልድ መስሏታል። ሐጁ ሳይመጣ ንገራት። አንተ ስትነግራት ትሰማለች።»

«ምን ብዬ?»

«እቤትሽ ሂጂ፣ ደመወዙ ይመጣል በላት። እውነቱ እሱ አይደል?»

ሸውቂ ስፖንጁን አስቀምጦ ፔዳሉን ያዘ። አብደረቦ ሊገፋው እጁን ቢዘረጋ «አትንካኝ» አለው፤ በቦዩ መንገድ ራሱ እየነዳ ሄደ።

ወጂዳ በሩ አጠገብ ቆማለች። የምሳ ዕቃዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ስታየው ደስ አላትና ዕቃውን ብብቷ ስር ሸጉጣ «አንተም ዘገየህ? እነዚህ በሩን ዘግተውብናል» አለችው። ሸውቂ ጎማውን ቆለፈ፣ እጁን አነሳ፣ ሳያሳምር ነገራት። ሥራ የለም። ትናንት የመጣነው ለተቆጣጣሪው ዓይን ነው። ደመወዝሽን ወንድምሽ ሲቀበል ቆይቷል።

እሷ እጁን አይታ ጨረሰች። በሩን አየች። አብደረቦን አየች። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ ቀስ አድርጋ፣ እንዳይሳሳት ቀስ አድርጋ፣ «አንተ ትናንት ታውቅ ነበር?» አለች።

አብደረቦ ከኋላ «ምን አለችህ?» ይላል።

ሸውቂ ለአብደረቦ አልመለሰም። ለእሷ «አዎ» አላት።

«ጀመርን አልከኝ» አለች።

«አልኩሽ።»

ወጂዳ እሱንና አብደረቦን አንድ ላይ አየቻቸው፤ በአንድ ዓይን። ለእሷ የሚለያዩበት ነገር አልነበረም። ዞረች፣ በቦዩ መንገድ ወደ አውቶቡሱ መሄድ ጀመረች። አብደረቦ እፎይ አለና «አላህ ይስጥህ፣ ገላገልከኝ» አለ። ሸውቂ ይሄን ሲሰማ ፊቱን የተመታ ይመስል ዓይኑን ጨፈነ። ያን ሁሉ ጊዜ የተሸከመው ክህደት እንደ ትናንቱ ውሸቱና እንደዚያች የምስጋና ቃል አልከበደውም፤ እሱንም ከከዳተኞቹ ጋር ቆጥረውታል።

ተከተላት። ጠርቶ ሊያስቆማት አይችልም፤ ቢጮህ አትሰማም። እጁን አንስቶ ሊነግራት ቢል እጁ ፔዳሉ ላይ ነው፤ ካነሳው ባለ ሦስት ጎማው ይቆማል፣ እሷም ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ስለዚህ ነዳ። አቧራው ላይ ጎማው ይሰምጣል፣ ጭነት መኪና አጠገቡ እየጮኸ ያልፋል፣ እሱ ይነዳል። ደረሰባት፣ አለፋት፣ ትንሽ ከፊቷ ሄደና መንገዱን ዘግቶ ቆመ።

ወጂዳ ቆመች። የምሳ ዕቃዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ ስለዚህ የምትናገርበት እጅ የላትም፤ መናገርም አልፈለገችም። ሸውቂ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ሁለት እጁን ከፔዳሉ አነሳ። ከሻይ ቤቱ ጀምሮ፣ አብደረቦን፣ ሸይኽ ሐሰነይንን፣ ራሱንም ሳያስቀር፣ አንድ በአንድ ይነግራት ጀመር። አንገቷን አልነቀነቀችለትም። አውቶቡሱ መጣ፣ ጡሩንባውን ነፋ፣ አልፏቸው ሄደ፤ የሚነግራት ነገር ገና ትናንት ላይ አልደረሰም ነበር።